አሰልጣኝ ይቅደም ወይስ የስፖርት ኃላፊ?



አንድ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ሊያቋቁም ሲነሣ ከኳሱና ከማሊያው በፊት የሚገጥመው ጥያቄ የሰው ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ማን ይቀጠር? ፊሽካ ይዞ ሜዳ የሚገባው አሰልጣኝ ነው ወይስ መዝገብ ይዞ የሚቀመጠው የስፖርት ክፍል ኃላፊ? ሁለቱንም ለመቅጠር አቅም ያለው ተቋም ቢሆንም እንኳ ማንን አስቀድሞ ማንን እንደሚያስከትል መወሰን አለበት።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በካምፕ ትምህርት ቤት ውስጥ ኢንሴንቲቭ የምንለው አበል የሚመደበው በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ሲገኝ ተማሪው ‹‹አሰልጣኝ ይምጣልን›› ይላል፤ ወላጁ ደግሞ ‹‹ልጆቻችንን የሚቆጣጠር ሰው ይቅደም›› ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን በስሜት ሳይሆን በምክንያት መምረጥ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ምን እንደደረሰባቸው እናያለን። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን።

ከላቪንግተን እንጀምር

ናይሮቢ የሄደ ሰው ላቪንግተን የሚባለውን ሰፈር ሳይሰማ አይቀርም። ከከተማው መሀል በስተምዕራብ፣ ከኪሌሌሽዋ አልፎ ወደ ካዋንግዋሬ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ፣ ዛፍና አጥር የበዛበት ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቶችም አሉበት። ስትራትሞር ኮሌጅ በ1961፣ ኬንያ ነጻነቷን ልታገኝ ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ዘራቸው የተለያየ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ማስተማር የጀመረው በዚሁ በላቪንግተን ነበር። ኮሌጁ ከጊዜ በኋላ ወደ ማዳራካ ተዛውሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በላቪንግተንም ሆነ በሌላው የኬንያ ክፍል የትምህርት ቤቶች ጨዋታ በሚደረግበት ቀን ከሜዳው ዳር ቆማችሁ ብትመለከቱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው በመስመሩ ጫፍ ወዲያና ወዲህ እያለ በሚጮኸው ሰው ላይ ነው። እርሱ አሰልጣኙ ነው። ከእርሱ ራቅ ብሎ ፋይል በብብቱ ይዞ ከዳኞቹ ጋር የሚነጋገረውን ሰው ግን ልብ ላትሉት ትችላላችሁ። በኬንያ ትምህርት ቤቶች ‹‹ጌምስ ማስተር›› ወይም ‹‹ጌምስ ቲቸር›› የሚባለው መምህር ይህ ነው። መኪናውን ያስያዘው፣ የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ያቀረበው፣ ጨዋታው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠይቆ ያረጋገጠው እርሱ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ይኸው ሥራ ራሱን የቻለ ትልቅ ኃላፊነት ሲሆን ባለሥልጣኑ የስፖርት ዲሬክተር ተብሎ ይጠራል። በአገራችን ክለቦች ደግሞ የዚህን ሥራ ከፊሉን የሚሠራው ‹‹የቡድን መሪ›› የምንለው ሰው ነው።

የሁለቱ ሥራ ልዩነት

አሰልጣኝ የሚጠየቀው ሜዳ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ነው። ተጫዋቾችን ይመርጣል፣ ያለማምዳል፣ ማን በየትኛው ቦታ እንደሚሰለፍ ይወስናል፣ በጨዋታው መካከል ተጫዋች ይቀይራል። የሥራው ውጤት በ90 ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ቢያሸንፍ ይጨበጨብለታል፤ ቢሸነፍ ይወቀሳል።

የስፖርት ክፍል ኃላፊ የሚጠየቀው ከሜዳ ውጭ ለሚሆነው ነገር ነው። ቡድኑን በውድድር ያስመዘግባል። የተጫዋቾችን ዕድሜና ተማሪነት የሚያረጋግጡ ወረቀቶች ያሟላል። የቢጫና የቀይ ካርድ መዝገብ ይይዛል። ገንዘቡን ይቆጣጠራል፤ ኳስ፣ ማሊያና ታኬታ ለማን እንደተሰጠ ይጽፋል። የመጓጓዣና የፈቃድ ጉዳይ ያስፈጽማል። የሴቶች ቡድን፣ የመረብ ኳስና የሩጫ ቡድን ከሜዳውና ከገንዘቡ ድርሻቸውን እንዲያገኙ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ አሰልጣኙን ራሱን ይመርጣል፣ ሥራውን ይመዝናል፣ ሲያጠፋም ይገሥጻል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የኃላፊው ሥራ በደንብ ሲሠራ አይታይም። የሚታየው ሳይሠራ ሲቀር ነው። ሰው አሰልጣኙን ለማስቀደም የሚቸኩለውም ለዚህ ነው።

ለአሰልጣኙ የሚቀርበው ክርክር

አሰልጣኝ ይቅደም የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ውድድሩ አይጠብቅም። የጨዋታው ዘመን ከተጀመረ በኋላ ኃላፊ ፍለጋ ሁለት ወር ቢፈጅ ልጆቹ ሳይለማመዱ ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ ተማሪን ከመንገድ ስቦ ወደ ሜዳ የሚያመጣው አሰልጣኙ እንጂ መዝገቡ አይደለም። ከትምህርት በኋላ የሚውልበት ቦታ ለሌለው ወጣት ዘወትር በ10 ሰዓት ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው አንድ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ ቡድን ሳይኖር የቡድን አስተዳዳሪ መሾም ከብት ሳይኖር እረኛ እንደ መቅጠር ነው ይላሉ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አበው ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› እንደሚሉት ጥድፊያው የሚያስከትለውን ኪሳራ ቀጥሎ ከምናየው ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በ2013 የጠፉት ሦስት ነጥቦች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሶ በ2013 መጀመሪያ ላይ በደቡብ አፍሪካ መጫወቱን ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። በዚያው ዓመት ቡድኑ በብራዚል ለሚደረገው የ2014 የዓለም ዋንጫ የማጣሪያ ጨዋታ እያደረገ ነበር። ምድቡ ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ያሉበት ነበር።

ጁን 8 ቀን 2013 ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከ8 ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታች። ነጥቧ 13 ሆነ፤ ተከታይዋ ደቡብ አፍሪካ ያላት 8 ነጥብ ብቻ ነበር። አንድ ጨዋታ ብቻ ስለቀረ ምድቡን አንደኛ ሆኖ መጨረስ የተረጋገጠ መሰለ። አዲስ አበባ በደስታ ሰከረች።

ደስታው ግን ውሎ አላደረም። ፊፋ በዚያው ዕለት አንድ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ የተባለው አማካይ ተጫዋች ቀደም ብለው በተደረጉ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች በእያንዳንዱ ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። በደንቡ መሠረት በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ያየ ተጫዋች የሚቀጥለው ጨዋታ ያልፈዋል። ይህም ጨዋታ ከቦትስዋና ጋር በጁን 8 የተደረገው ነበር። ተጫዋቹ ግን ተሰልፎ ተጫወተ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ውሳኔው ሲመጣ በሜዳ 2 ለ 1 የተገኘው ድል ተሰርዞ ለቦትስዋና በፎርፌ 3 ለ 0 ተሰጠ። የኢትዮጵያ ነጥብ ከ13 ወደ 10 ወረደ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡ። አሰልጣኙ ልምምዱን አሠርቷል። ተጫዋቾቹ ሮጠዋል፣ ግብ አግብተዋል፣ በሰው አገር አሸንፈዋል። በሜዳ የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ የነበረበት አንድ መስመር ነው፤ ‹‹ይህ ተጫዋች ሁለት ቢጫ አለበት፤ ቀጣዩ ጨዋታ ያልፈዋል›› የሚል። ይህን መስመር ለመጻፍ የኳስ ችሎታ አያስፈልግም። እርሳስና ደብተር፣ ሥራው የእኔ ነው የሚል አንድ ሰውም ይበቃል።

ቡድኑ በሴፕቴምበር መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ የጠፋውን በላብ መለሰው። በመጨረሻው ዙር ግን በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከብራዚል ቀረ። የሦስቱ ነጥብ መቀነስ ከዓለም ዋንጫ አላስቀረንም። ሆኖም የተረጋገጠውን ማለፍ አጠራጣሪ አድርጎ ቡድኑን ለሦስት ወር ያህል በሥጋት አቆይቶታል።

ከዚህ የባሰም ደርሷል። በ2008 በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አመራር ላይ ክርክር ተነሥቶ ማን ሕጋዊ መሪ እንደሆነ ስምምነት ጠፋ። ፊፋ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ፌዴሬሽኑን አገደ። ብሔራዊ ቡድኑም ለ2010 የዓለም ዋንጫ ከሚደረገው ማጣሪያ ተሰርዞ ያደረጋቸው ጨዋታዎች እንዳልተደረጉ ተቆጠሩ። በሜዳ የሮጡት ልጆች በቢሮው ጠብ ምንም እጅ አልነበራቸውም። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው።

አሰልጣኙን ማን ይመርጣል?

ኃላፊው እንዲቀድም የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት አለ። አሰልጣኝ ከተቀጠረ በኋላ ኃላፊ ቢመጣ፣ ኃላፊው ያልመረጠውን ሰው ይረከባል። አሰልጣኙም ‹‹ይህ ሰው ከእኔ በኋላ የመጣ ነው፤ እኔን የሚያዘኝ በምን መብቱ ነው?›› ይላል። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሁለት አባወራዎች ይሆናሉ። ልጆቹም ማንን መስማት እንዳለባቸው ይቸገራሉ።

በአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት በእጅ የሚያዘውን የሞላላ ኳስ ጨዋታ መሆኑን ልብ በሉ። በ2017 መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲው አዲስ አሰልጣኝ ሲፈልግ ፍለጋው ተበላሸ። በፍለጋው መካከል የስፖርት ዲሬክተሩ ከሥራ ታገደ፤ በቦታው የቀድሞው አሰልጣኝ ፊሊፕ ፉልመር ተሾመ። እርሱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጄረሚ ፕሩዊትን አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። ፕሩዊት በ2021 መጀመሪያ ላይ ከተጫዋቾች ምልመላ ደንብ ጥሰት ጋር በተያያዘ ተባረረ። ፉልመርም በዚያው ወቅት ከኃላፊነቱ መሰናበቱን አስታወቀ።

ዩኒቨርሲቲው አሁንም ሁለት ባዶ ወንበር ነበረው። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሞ ዳኒ ዋይት የተባለውን የስፖርት ዲሬክተር ቀጠረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዋይት ቀድሞ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አብሮት የሠራውን ጆሽ ሃይፐልን አሰልጣኝ አድርጎ አመጣ። የሚቀጥረው ሰው የሚቀጠረውን ያውቀው ነበር ማለት ነው። በ2022 የቴነሲ ቡድን 11 ጨዋታ አሸንፎ ለረጅም ዓመታት ያላየውን ውጤት አገኘ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ኃላፊ ማስቀደም ብቻውን አያድንም፤ በ2017ም አዲሱ ኃላፊ ከአሰልጣኙ ቀድሞ ተሹሞ ነበር። ነገር ግን ተጣድፎ፣ ደንብ ሳይቆጣጠር የሚሠራ ኃላፊ የሚጠቅመው ነገር የለም። ቅደም ተከተሉ የሚረዳው ሰውየው ሥራውን ሲሠራ ነው።

አንድ ሰው ሁለቱንም ቢሠራስ?

‹‹እኛ ድሆች ነን፤ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን›› የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ታሪክ ለዚህም መልስ አለው።

ይድነቃቸው ተሰማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች ነበሩ። ኋላም አሰልጣኝ፣ ከዚያም የስፖርት አስተዳዳሪ ሆኑ። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ካዘጋጁት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ይድነቃቸው ሜዳውንም ቢሮውንም ያውቁ ነበር። የሚታወሱትም ለሁለቱም ነው።

ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም እንዲሁ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ሲሆን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን በማደራጀት ለዓመታት ሠርቷል። በሮም በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የተገኘው ከዚህ ሁሉ የማደራጀት ሥራ በኋላ ነው። ከመምጣቱ እስከ ሮም ድሉ 14 ዓመት መሆኑን ቁጠሩ።

እዚሁ ኬንያ ደግሞ ብራዘር ኮልም ኦኮነል የተባሉት አየርላንዳዊ መምህር አሉ። በ1976 ኢተን ወደሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ሲመጡ የጂኦግራፊ መምህር እንጂ የሩጫ አሰልጣኝ አልነበሩም። ሥራውን እየሠሩ ተማሩት። የትምህርት ቤቱ ተማሪ የነበረው ፒተር ሮኖ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር ወርቅ አገኘ። እርሳቸው ያሠለጠኑት ዴቪድ ሩዲሻም በ2012 በለንደን 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

እነዚህ ሰዎች ሥርዓት ያለው ሰው ማሠልጠንን ሊማር እንደሚችል ያሳዩናል። መምህርነት የለመደ ሰው ስም ይጠራል፣ ይመዘግባል፣ ሰዓት ያከብራል፤ የቀረውን ልጅ ለምን ቀረህ ብሎ ይጠይቃል። ኳስ የሚያውቅ ግን ይህን የማይወድ ሰው በኋላ ልማዱን መለወጥ ይከብደዋል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ኳስ ማንጠባጠብ የሚችለውን ሳይሆን ደብተሩ ንጹሕ የሆነውን አስቀድሙ።

ለስደተኛ ተማሪ ለምን ይብሳል?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በከተማ የሚኖር የኬንያ ተማሪ የልደት ወረቀቱ ቤቱ ውስጥ ነው። ጨዋታ ወዳለበት ሲሄድ መኪና ከመሳፈር በቀር ሌላ ችግር የለበትም። የስደተኛ ልጅ ግን ከካምፑ ክልል ውጭ ለሚደረግ ጨዋታ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዕድሜው የሚረጋገጠው በስደተኝነት በተመዘገበበት ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ካለው ስም ጋር በአንድ ፊደል ቢለያይ ጥያቄ ይነሣል። በአማርኛ ‹‹ኃይለ ማርያም›› የሚባለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት እንደሚጽፈው ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የኬንያ ትምህርት ቤቶች ውድድር ከአካባቢ ተጀምሮ ወደ ካውንቲ፣ ወደ ክልልና ወደ አገር አቀፍ ደረጃ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ወረቀት ይጠየቃል። ከሳምንት በፊት ያልተጠየቀ ፈቃድ በጨዋታው ዋዜማ አይገኝም። ስለዚህ የእኛ ቡድን ከተጋጣሚው በፊት የሚገጥመው ወረቀቱን ነው። በዚያ ግጥሚያ ላይ አሰልጣኙ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊረዳን አይችልም።

ሥራው በተገቢው መንገድ ሲሠራ የሚገኘውን ውጤት ደግሞ ከካኩማ ማየት እንችላለን። በ1994 የኒው ዮርክን ማራቶን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነችው ቴግላ ሎሩፔ በስሟ ያቋቋመችው ድርጅት በካኩማ ካምፕ ሯጮችን በውድድር መረጠ። የተመረጡትም በናይሮቢ አቅራቢያ ንጎንግ ውስጥ ልምምድ ጀመሩ። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከ10ሩ ስፖርተኞች 5ቱ ከካኩማ የሄዱ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። በማራቶን የሮጠው ዮናስ ኪንዴ ደግሞ በሉክሰምበርግ በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነበር። የቡድኑ መሪ ራሷ ቴግላ ነበረች።

የካኩማ ልጆች ከዚያ በፊትም ይሮጡ ነበር። እግራቸው በ2016 አልተፈጠረም። ያን ዓመት አዲስ የሆነው ነገር የሚመርጣቸው፣ የሚያስመዘግባቸው፣ ፈቃድና የጉዞ ሰነድ የሚያስጨርስላቸው፣ የሚሮጡበትን ባንዲራ ሳይቀር የሚያዘጋጅላቸው አካል መገኘቱ ነው። ባንዲራውም የኦሊምፒክ ባንዲራ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መልሳችን ይህ ነው። የኃላፊው ሥራ ይቅደም። ‹‹ኃላፊው›› ሳንል ‹‹የኃላፊው ሥራ›› ያልነው በምክንያት ነው። ለኃላፊ አበል ባይኖርም ሥራው ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ያለው አንድ አበል ለአሰልጣኝ መሰጠት ካለበት ይሰጥ፤ ነገር ግን አሰልጣኙ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት የሚከተሉት አምስት ነገሮች በማን እጅ እንደሆኑ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አንደኛ፣ የተጫዋቾች መዝገብ። ሙሉ ስም በምዝገባ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው፣ የልደት ዘመን፣ ክፍል፣ የአሳዳጊ ስም ይያዝበት። የስም ልዩነት ካለ ውድድር ሳይደርስ ይታረም።

ሁለተኛ፣ የካርድ መዝገብ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በዚያው ምሽት ይጻፍ። ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ከአሰልጣኙ ሌላ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበት።

ሦስተኛ፣ የፈቃድና የጉዞ ጉዳይ። ማን፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በስንተኛው ቀን ጥያቄ እንደሚያቀርብ ይታወቅ።

አራተኛ፣ የዕቃ መዝገብ። ኳስና ማሊያ የማንም የግል ንብረት አይደሉም። የወጣውና የገባው ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የድርሻ ጉዳይ። ሜዳው በሳምንት ስንት ቀን ለወንዶች፣ ስንት ቀን ለሴቶች ልጆች እንደሆነ ይወሰን። አሰልጣኝ ብቻውን ሲወስን የራሱን ቡድን ማስቀደሙ የሰው ባሕርይ ነው። ለዚህ ነው ዳኝነቱ በሌላ ሰው እጅ መሆን ያለበት።

ውድ ወላጆች፤ ከእናንተ መካከል በአገር ቤት ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም የመጋዘን ኃላፊ የነበራችሁ አላችሁ። ‹‹እኔ ኳስ አላውቅም›› ብላችሁ ከሜዳ አትራቁ። ከላይ የዘረዘርናቸው አምስት ሥራዎች የሚፈልጉት የእናንተን ሙያ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሰጡ የልጃችሁን ቡድን ከፎርፌ ልታድኑት ትችላላችሁ።

ውድ ተማሪዎች፤ በቡድኑ ውስጥ ለመሰለፍ ያልታደላችሁም ሥራ አላችሁ። እጅ ጽሑፉ ጥሩ የሆነ ተማሪ የቡድኑ ጸሐፊ ይሁን። ይህ ሥራ ለሴት ልጆችም ለወንዶችም ክፍት ነው። ተጫዋቾችም ብትሆኑ የራሳችሁን ቢጫ ካርድ ራሳችሁ ቁጠሩ። ‹‹የሚቆጥርልኝ አለ›› ብሎ የተዘናጋ ቡድን ምን እንደደረሰበት አይታችኋል።

በመጨረሻም ለአሰልጣኞቻችን አንድ ቃል። ይህን ስንጽፍ እናንተን ለማሳነስ አይደለም። ጨዋታ በወረቀት አይሸነፍም፤ ልጅን ሜዳ ላይ የሚያቆመው የእናንተ ትጋት ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚይዝ ሰው ከጎናችሁ ሲኖር የእናንተም ድካም በከንቱ አይቀርም። ከቦትስዋና የተገኘው የ2 ለ 1 ድል እንዲሰረዝ የፈለገ አሰልጣኝ አልነበረም።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ‹‹አሰልጣኝ መቼ ይመጣል?›› የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከዚያ አስቀድማችሁ ‹‹መዝገቡ በማን እጅ ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ።

መልካም የጨዋታ ዘመን እንመኝላችኋለን።